የ8ኛ ክፍል የስቴት የሒሳብ ፈተና፦ ለልጃችሁ የትኛው ዝግጅት ይሻላል?

ከገና በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየመስጊዱ ደጅ፣ በየልደት ግብዣው አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው። ለሒሳቡ የስቴት ፈተና የት ላስገባው?» መልሱ ወዲያው ይመጣል። አንዱ ኩሞን የሚባለውን የማስጠኛ ማዕከል ይጠራል። ሌላዋ «ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት በነጻ እያለ ምን ገንዘብ ታባክናለህ?» ትላለች። ሦስተኛው አንድ ጎበዝ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ያውቃል፤ እዚያው ስልኩን ይሰጣችኋል።

ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ልጁ ምን ላይ እንደሚሳሳት ማንም አልጠየቀም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚድል ስኩል ልጆችን በበጎ ፈቃድ አስጠናለሁ። ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ገንዘብ ይወጣል፣ ወላጅ ከሥራ መልስ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ልጁ ይለፋል። የተገዛው እርዳታና የልጁ ችግር ግን አልተገናኙም። ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በዝናቸው አይደለም። የማንን ችግር ይፈታሉ? መለኪያዬ ይህ ነው።

መጀመሪያ፣ ልጃችሁ የሚፈተነው የትኛውን ነው?

የ2015ቱ የፌዴራል የትምህርት ሕግ ስቴቶች ሁሉ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ሒሳብና ንባብ እንዲፈትኑ ያዛል። ፈተናውን የሚመርጠው ግን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ቨርጂኒያ ኤስኦኤል ይለዋል። ሜሪላንድ ኤምካፕ፣ ቴክሳስ ስታር፣ ሚኒሶታ ኤምሲኤ፣ ጆርጂያ ማይልስቶንስ። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ስማርተር ባላንስድ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ሲያትል ያለች እህታችሁ ለልጇ የገዛችው መጽሐፍ አሌክሳንድሪያ ላለው ልጃችሁ ልክ የማይሆንበት ጊዜ አለ።

ከስቴቱ ስም በላይ የሚያሳስተው ሌላ ነገር አለ። 8ኛ ክፍል ሆነው የሃይ ስኩሉን አልጀብራ ዋን የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በቴክሳስ እነዚህ ልጆች የ8ኛ ክፍሉን ሳይሆን የአልጀብራ ዋንን ፈተና ነው የሚወስዱት። ይዘቱ ይለያል፤ ክብደቱም ይለያል። በቨርጂኒያ ያንን ያለፈ ልጅ ለሃይ ስኩል ዲፕሎማ ከሚያስፈልጉት የተረጋገጡ ክሬዲቶች (ትምህርቱንም የስቴቱን ፈተናም በማለፍ ከሚገኙት) አንዱን ገና በሚድል ስኩል ይይዛል። በቴክሳስም ሃይ ስኩል ለመጨረስ ከሚጠየቁት የስታር ፈተናዎች አንዱ ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት ለካውንስለሩ አጭር ኢሜይል ጻፉ። «ልጄ በዚህ ጸደይ የሚወስደው የሒሳብ ፈተና የትኛው ነው?» በቂ ነው።

ሚኒስትሪ አይደለም

እኛ 8ኛ ክፍል ሲባል ሚኒስትሪ ትዝ ይለናል። ሚኒስትሪ የወደቀ ልጅ 9ኛ አይገባም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውጤቱን ይጠብቅ ነበር። ያንን ጭንቀት ይዘን መጥተን ልጆቹ ላይ እንጭነዋለን።

እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች የ8ኛ ክፍሉን የሒሳብ ፈተና ያላለፈ ልጅ በዚያ ብቻ ክፍል አይደግምም። ቴክሳስ ድሮ 5ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ማለፍና ማደግን ያያይዝ ነበር፤ እሱም በ2021 በሕግ ቀርቷል። ታዲያ ፈተናው ምን ያደርጋል? 9ኛ ክፍል የትኛው የሒሳብ ክፍል እንደሚገባ ሲወሰን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ተጨማሪ እርዳታ ይገባዋል ወይ ለሚለውም ያገለግላል። ከሁሉም በላይ፣ ሃይ ስኩል ሳይገባ በፊት ምን እንደጎደለው ያሳያል።

ሌላም ልዩነት አለ። እኛ ፍጥነት እንወዳለን። ነገር ግን የቨርጂኒያው ኤስኦኤልና ስማርተር ባላንስድ የሰዓት ገደብ የላቸውም። ኒው ዮርክም ከ2016 ጀምሮ ገደቡን አንስቷል። ሜሪላንድ ክፍሎቹን በሰዓት ይለካል። ልጃችሁ ገደብ የሌለው ፈተና ላይ ከሆነ፣ ስቶፕዋች ይዞ ማሠልጠን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቀስ ብሎ መፈተሽን ማስለመድ ብዙ ነጥብ ያተርፋል።

አንድ ጥያቄ፣ አራት ዓይነት ስህተት

ይህችን ጥያቄ እዩ። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ልቡ እዚህ ነው።

አንድ የታክሲ ድርጅት ለመነሻ 4 ዶላር፣ ከዚያ በየማይሉ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያስከፍላል። ሌላው ለመነሻ 7 ዶላር፣ በየማይሉ 2 ዶላር ያስከፍላል። ስንት ማይል ላይ ሲደርሱ ሒሳባቸው እኩል ይሆናል?

የመነሻው ልዩነት 3 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ድርጅት በየማይሉ 50 ሳንቲም እየጨመረ ይደርስበታል። 3ን ለ0.5 ስናካፍል 6። በ6 ማይል ሁለቱም 19 ዶላር ይሆናሉ።

አሁን አራት ልጆች አስቡ። አራቱም ተሳስተዋል።

የመጀመሪያዋ ጥያቄውን አንብባ ዝም አለች። ወይም ያየቻቸውን ቁጥሮች ሁሉ ደመረች። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ብትነግሯት ግን ወዲያው ትሠራዋለች። የእሷ ችግር ሒሳብ አይደለም፣ የእንግሊዝኛው ንባብ ነው።

ሁለተኛው እኩልታውን በትክክል አቆመ። ግማሽ ማባዛት ማይል እኩል ይሆናል 3 የሚለው ላይ ደረሰ። መልሱን 1.5 ብሎ ጻፈ። ለግማሽ ማካፈል ሲገባው በግማሽ አባዛ። ይህ የ8ኛ ክፍል ስህተት አይደለም። ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል አብሮት የመጣ ክፍተት ነው። ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ ኔጋቲቭ ቁጥር፣ ፐርሰንት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ሰፈር ናቸው።

ሦስተኛዋ 4ን ከ2.50 ጋር ደምራ «በየማይሉ 6 ዶላር ከ50» አለች። አንድ ጊዜ የሚከፈለውንና በየማይሉ የሚጨምረውን አልለየችም። ይህ የዚህ ዓመት ትምህርት ራሱ ነው። የለውጥ መጠን፣ መነሻ ዋጋ፣ ስሎፕ፣ ፈንክሽን የሚባለው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

አራተኛው ወረቀት ላይ 6 አግኝቷል። ኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ ግራፉ ላይ አስቀምጥ አለው። እሱ 19ን ወደ ቀኝ፣ 6ን ወደ ላይ ቆጥሮ አስቀመጠ። ወይም ማይሉን ሲጠየቅ ዶላሩን ጻፈ። ይህ የስክሪንና የጥንቃቄ ስህተት ነው።

አራቱም ውጤታቸው አንድ ዓይነት ይመስላል። መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። አሁን ወደ አማራጮቹ እንሂድ።

የስቴቱ የራሱ መለማመጃ

ሁሉም ሰው ከዚህ ይጀምር። ነጻ ነው። የቨርጂኒያ የትምህርት መምሪያ ያለፉ ፈተናዎችንና የመለማመጃ ጥያቄዎችን ያወጣል። ቴክሳስ ያለፉ የስታር ፈተናዎችን ከነመልሳቸው ያወጣል። ኒው ዮርክም በየዓመቱ ከተሰጡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን ይለቃል። ሌሎቹም ስቴቶች መለማመጃ አላቸው። የስቴቱን ስም፣ «8ኛ ክፍል ሒሳብ» እና «ፕራክቲስ ቴስት» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ።

ጥንካሬው ምርመራ ላይ ነው። ልጁን በሁለት ምሽት ከፍላችሁ አስፈትኑት። እርዳታ የለም፣ ስልክ የለም፣ ሥራውን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ የተሳሳታቸውን ብቻ አውጡና ከላይ ባልኳቸው አራት ክምሮች ክፈሏቸው። እያንዳንዱን ስህተት ይዛችሁ «እስቲ ምን አስበህ ነው?» በሉት። አትቆጡ። ምን እንዳሰበ ሲናገር ክምሩ ራሱ ይታወቃል። ሒሳብ የማታውቁም ብትሆኑ ይህንን መሥራት ትችላላችሁ፤ ማዳመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ድክመቱ ማስተማር አለመቻሉ ነው። ልጁን አምስት የቆየ ፈተና በላይ በላዩ ማሠራት ብዙ ወላጅ የሚያደርገው ነገር ነው። ለግማሽ ማካፈል የማይችል ልጅ አምስተኛውንም ፈተና እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታል። ያተረፈው ድካም ብቻ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። መለማመጃውን በወረቀት ብቻ አታድርጉት። ቢያንስ አንዱን ትክክለኛው ፈተና በሚሰጥበት ፕሮግራም ይሥራው። መልስ እየጎተቱ ቦታው ማስቀመጥ፣ ነጥብ ግራፍ ላይ መትከል፣ ከአንድ በላይ መልስ መምረጥ ይመጣል። ቴክሳስ ከ2023 ጀምሮ ምርጫ ብቻ የሆኑ ጥያቄዎች ከፈተናው ነጥብ ከ75 በመቶ እንዳይበልጡ አድርጓል። ካልኩሌተሩም ስክሪኑ ላይ ነው። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ዴስሞስ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ የመለማመጃው ቅጂ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስና ኒው ዮርክ የቀመር ወረቀት ይሰጣሉ። እሱን አትማችሁ ልጁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። የሲሊንደርን ይዘት ሲሸመድድ ከሚያመሽ፣ ቀመሩ ወረቀቱ ላይ የት እንዳለ ይወቅ። የአራተኛው ልጅ ችግር በአብዛኛው እዚህ ያልቃል። ለእሱ ቱተር መቅጠር አያስፈልግም።

ካን አካዳሚ

ይህም ነጻ ነው። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ኮርስ አለው፤ የ5ኛው፣ የ6ኛውና የ7ኛውም አለ። ለሁለተኛው ልጅ፣ ማለትም ከታች ክፍተት ይዞ ለመጣው፣ ከነጻዎቹ ሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱም ሳያፍር ወደ 6ኛ ክፍል ተመልሶ የክፍልፋይን ትምህርት ብቻ መርጦ መሥራት ይችላል። ማንም አያየውም። በ13 ዓመት ዕድሜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጆች የሚሸወዱበት ቦታም አለ። ልጁ ሁለት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ ማለት ሁለት ሰዓት አጠና ማለት አይደለም። ቪዲዮ ማየት ማወቅ ይመስላል። ጥያቄው ሲከብደው ሂንት የሚለውን እየነካካ መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ደንብ አውጡ። ደብተርና እርሳስ አጠገቡ ይኑር፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ደብተር ላይ ይሠራ። ማታ ከሥራ ስትመለሱ የምታዩት ደብተሩን ነው፣ ስክሪኑን አይደለም። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ጥናት አልነበረም።

ሌላው፣ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንዲሄድ አታድርጉ። እንዲህ የጀመሩ ልጆች አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሰለቻሉ። ኮርስ ቻሌንጅ የሚባለውን አጠቃላይ ፈተና መጀመሪያ ይውሰድ፤ የወደቀባቸውን ክፍሎች ብቻ ይሥራ። ብቻውን መቀመጥ ለማይችል ልጅ ግን ካን አካዳሚ አይሆንም። ይህንን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ወርክቡክ

ስክሪን ያሰለቸው ልጅ ካላችሁ ጥሩ ነው። ርካሽ ነው። መኪና ውስጥም፣ የእናቱ ሳሎን ውስጥም፣ ሬስቶራንቱ ጥግ ላይም ይሠራል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። የስቴታችሁ ስም አለበት ወይ? የታተመው መቼ ነው? ቨርጂኒያ የሒሳብ መመዘኛዋን በ2023 አሻሽላ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በአዲሱ እየፈተነች ነው። ከጎረቤት በነጻ የተገኘ የቆየ መጽሐፍ መሠረቱን ያስተምራል፤ ይዘቱ ግን ሙሉ በሙሉ ላይገጥም ይችላል። መልሱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩም ከኋላ የተጻፈበትን ምረጡ።

የማስጠኛ ማዕከላት

ኩሞን የጃፓን የሒሳብ መምህር የነበረው ቶሩ ኩሞን በ1954 ለገዛ ልጁ ካዘጋጃቸው የልምምድ ወረቀቶች የተነሣ ነው። ዛሬም መንፈሱ ያው ነው። ልጁ ከሚችለው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ በየቀኑ ወረቀት ይሠራል፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ማትናዚየም ደግሞ በ2002 ሎስ አንጀለስ የተጀመረ ነው። ልጁን መርምሮ የራሱ ፕላን ያወጣለታል፣ ከአስተማሪ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያሠራዋል። ክፍያው እንደየቦታው ይለያያል። በወር ከመቶ ዶላር በላይ አስቡ።

ግልጽ ልሁን። ለአንድ ፈተና ብላችሁ በማርች ወር ኩሞን ማስገባት ገንዘብ ማጥፋት ነው። አሠራሩ ለረጅም ጊዜ የታሰበ ነው። ልጁ ገና ቀላል መደመርና ማባዛት ላይ እያለ ፈተናው ይደርሳል። የዳታ ግራፍ፣ ቅርጽን ማዞርና ማንሸራተት የመሳሰሉት የ8ኛ ክፍል ርዕሶችም የትኩረቱ ማዕከል አይደሉም። ልጃችሁ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ከሆነና ማባዛት ላይ ጣቱን የሚቆጥር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ የየቀኑ ልምምድ ወርቅ ነው። 8ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ልጁን መርምሮ ክፍተቱን ብቻ የሚይዝ ማዕከል ይሻላል። ሄዳችሁ «የስቴቱን መመዘኛ ትከተላላችሁ ወይስ የራሳችሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ክፉ አይደለም። የምትገዙትን ግን እወቁ።

የግል አስጠኚ

ለሦስተኛዋ ልጅ፣ የዘንድሮው ትምህርት ራሱ ላልገባት፣ ከሁሉም የሚበልጠው አንድ ለአንድ የሚያስረዳ ሰው ነው። ስሎፕ ያልገባው ልጅ ቪዲዮውን አሥር ጊዜ ቢያይ አሥሩም ጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚሰማው። ሰው ግን ፊቱን አይቶ አነጋገሩን ይቀይራል። ስለ ታክሲ ካልገባው ስለ ስልክ ሒሳብ ያነሣለታል።

የሐበሻ ልጅ አስጠኚ ሲሆን ተጨማሪ ጥቅም አለው። ልጁ እንደ ታላቅ ወንድም ያየዋል፤ ቤተሰቡም ይግባባዋል። ነገር ግን ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ አይደለም። ካልኩለስ የጨረሰ ልጅ ለግማሽ ማካፈል ለምን እንደሚያሳድግ ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል። በመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው ተቀመጡ። እርሳሱን የያዘው ማነው? አስጠኚው ሰዓቱን ሙሉ እየጻፈ ልጁ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። እርሳሱ የልጁ እጅ ላይ መሆን አለበት። የለያችኋቸውን አራት ክምሮችም ለአስጠኚው አሳዩት። «ሒሳብ አስጠናልኝ» ከማለት «እነዚህን ስምንት ስህተቶች እንይ» ማለት ገንዘባችሁን በእጥፍ ያሠራዋል።

ገንዘብ ከሌለስ? የካውንቲያችሁን ላይብረሪ ጠይቁ። ብዙ ላይብረሪዎች በካርዳቸው ብቻ የኦንላይን አስጠኚ ያገናኛሉ። የካን አካዳሚው መሥራች ሳል ካን በ2020 የጀመረው ስኩልሃውስ ዶት ወርልድ የሚባል ነጻ መድረክም አለ። እዚያ ልጆች በትንንሽ ቡድን በቀጥታ ይማማራሉ። እንደ ግል አስጠኚ አይሆንም። ከምንም ግን በጣም ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ

ይህንን አማራጭ የእኛ ሰው ጨርሶ ይረሳዋል። ልጁን ለፈተናው ያዘጋጀው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ የት እንደሚደናቀፍም ያውቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጸደዩ ፈተና በፊት በመኸርና በዊንተር የዕድገት መለኪያ ፈተና ይሰጣል። ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ጋር አለ። ጠይቁ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ የ7ኛ ክፍሉን ስታር ያላለፈ ልጅ በሕግ ተጨማሪ ትምህርት ይገባዋል። ቢያንስ 15 ሰዓት ነው፣ በትንሽ ቡድን፣ ያለ ክፍያ። ከትምህርት በኋላ የሚሰጥ እርዳታ ሲኖር ወረቀቱ ቦርሳ ሥር ተጨማዶ ይቀራል። ልጁ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይፈራል፣ ወይም ጓደኞቹ እንዳያዩት። ስለዚህ ልጁን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ለመምህሩ ጻፉ።

እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁ አትሸሹ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ነው። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ውጤት የሚያስተረጉም የ13 ዓመት ልጅ ምን እንደሚል አስቡት።

ወላጅ ራሱ

ከሒሳብ ጋር ቅርበት ያላችሁ ወላጆች ትልቅ ሀብት ናችሁ። ፓይታጎረስ አዲስ አበባም ሂውስተንም ያው ነው። የምትጋጩት አሠራሩ ላይ ነው። ልጁ «እኛ እንደዚህ አይደለም የምንሠራው» ይላል፤ እናንተ ትቆጣላችሁ፤ ምሽቱ ይበላሻል። እኔ የምመክረው ይህንን ነው። መጀመሪያ «የመምህርህን አሠራር አስረዳኝ» በሉት። ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል ማለት ነው። ካልቻለ፣ ያኔ የእናንተን አሳዩት።

ለመጀመሪያዋ ልጅ፣ ንባቡ ለሚያስቸግራት፣ ከወላጅ የሚበልጥ አስጠኚ የለም። ጥያቄውን ጮክ ብላ በእንግሊዝኛ ታንብበው። ከዚያ ሳትሠራው በፊት በአማርኛ ትንገራችሁ፤ ምን ተሰጠ፣ ምን ተጠየቀ? በቀን ሦስት ጥያቄ ይበቃል። መኪና ውስጥም ይቻላል። አንድ ወር ሙሉ ይህንን ያደረገ ልጅ ጥያቄ ሲያይ መደንገጡን ይተዋል።

በቅርቡ ለመጡ ልጆች

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ዘንድሮ የመጣ ልጅ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። በፌዴራሉ ሕግ አሜሪካ ትምህርት ቤት ከገባ 12 ወር ያልሞላው እንግሊዝኛ ተማሪ ከንባብ ፈተናው አንድ ጊዜ ሊታለፍ ይችላል። ሒሳቡን ግን ይወስዳል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ልጆች በስሌት ጠንካራ ናቸው። እኩልታ መፍታት ላይ እዚህ የተወለዱትን የሚያስከነዱ አሉ። የሚጎድላቸው የጥያቄው እንግሊዝኛ፣ የስክሪኑ ልምድ፣ ፊትና ኢንች ነው።

ስለዚህ ስሌት የሚያሠራ ማዕከል ውስጥ አታስገቧቸው። የሚከፈለው ለሚያውቁት ነገር ነው። ይልቅ የኢኤስኤል መምህሩን በፎል ወቅት ያዙ። ልጁ በፈተናው ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚፈቀድለት ይጻፍለት። ብዙ ስቴቶች ቃል በቃል የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ይፈቅዳሉ፤ ጥያቄ ተነቦ የሚሰማበትም አለ። ድጋፉ በፈተናው ሳምንት ሲጠየቅ አይሆንም። ልጁም አስቀድሞ ክፍል ውስጥ ሊለምደው ይገባል።

ጊዜያችሁ ስንት ነው?

ከገና በፊት ከሆነ ምንም አልረፈደም። ክፍተቱን ከሥሩ ያዙ፤ ካን አካዳሚም ማዕከልም ይሠራል። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሁሉንም እሸፍናለሁ አትበሉ። መስመራዊ እኩልታና ፈንክሽን ላይ አተኩሩ። በአብዛኞቹ ስቴቶች የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ወገቡ እሱ ነው፤ 9ኛ ክፍልም የሚጠብቀው እሱን ነው። እዚህ ላይ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አስጠኚ ካለ ገንዘቡ አይባክንም።

ሁለት ሳምንት ከቀረ አዲስ ነገር አትጀምሩ። ማዕከል አትመዝገቡ፣ አዲስ መጽሐፍ አትግዙ። የስቴቱን መለማመጃ በኮምፒውተር፣ ካልኩሌተሩን፣ የቀመር ወረቀቱን ይልመድ። የሠራውን መልስ ከጥያቄው ጋር መልሶ ማስተያየትን ይልመድ፤ ማይል ነው የተጠየቀው ወይስ ዶላር? እንቅልፉን አትንኩበት።

ምርጫህን ባጭሩ ንገረን ብትሉኝ፣ ለብዙው ቤተሰብ የምለው ይህ ነው። የስቴቱን መለማመጃ ለምርመራ፣ ካን አካዳሚን ለቆየው ክፍተት ውሰዱ፤ ሁለቱም በነጻ ነው። ያላችሁን ገንዘብ ለአስጠኚ አስቀምጡ፤ እሱም ልጁ ያልገባውን አንድ ሁለት ርዕስ ለይታችሁ ካወቃችሁ በኋላ።

ውጤቱ ሲመጣም ነጥቡን አይታችሁ ወረቀቱን አትጣሉት። ዝርዝሩን ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጁ በየጥያቄው ምን እንደተጠየቀና እንዳገኘ ወይም እንደሳተ የሚያሳይ ሪፖርት አለ፤ ትምህርት ቤቱ ያወጣላችኋል። ሌሎች ስቴቶችም ቢያንስ በርዕስ የተከፋፈለ ውጤት ይሰጣሉ። ያንን ይዛችሁ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ካውንስለሩን አግኙና 9ኛ ክፍል የትኛው ሒሳብ እንደተመደበለት፣ ምክንያቱንም ጠይቁ። ካልተስማማችሁ በዚያው ሰሞን ተናገሩ፤ ኦገስት ላይ ፕሮግራሙ ከተሞላ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።